ዝም ያለ ላፕቶፕና የኤርፎን ቀዳዳው

ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ዘፈንና መዝሙር በፍላሽና በሚሞሪ የሚጭኑ ቤቶች ገብቶ ላስተዋለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ዕድሜ የጠገበ ነው። በኤርፎን ቀዳዳው የገባ ገመድ ከትልቅ ስፒከር ጋር ያገናኘዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሰካና ሲነቀል ይውላል። አንድ ቀን ገመዱ ይነቀልና ላፕቶፑ ጭጭ ይላል። "ስፒከሩ ተቃጥሏል" የሚል ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩ ደህና ነው።

ድምፁ ከኪቦርዱ ተዘግቶ፣ ወይም በቪዲዮ ማጫወቻው ላይ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ማየት የታወቀ ነው። ይህን ሳያዩ ላፕቶፕ ተሸክሞ ደብረ ታቦር ድረስ መሄድ የመኪና ብር መጣል ነው።

ትኩረት የተነፈገችው ቀዳዳዋ ናት። ስፋቷ 3.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ውስጧ ቀጭን የብረት ምላስ አለ። መሰኪያ ሲገባ ምላሱን ይገፋዋል፤ የድምፁ ቺፕ ይህን ሲያውቅ የላፕቶፑን ስፒከር ዘግቶ ድምፁን ወደ ኤርፎኑ ይልካል። መሰኪያው ሲወጣ ምላሱ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። አቧራ ከያዘው፣ ከዛገ ወይም ከጎበጠ ግን አይመለስም። ያን ጊዜ ማሽኑ ኤርፎን እንደተሰካ ቆጥሮ ስፒከሩን እንደዘጋ ይቀራል። ዘዴው የቆየ ነው፤ ቴሌ ውስጥ ኦፕሬተሯ ገመድ እየሰካች ሰው የምታገናኝበት የድሮ የስልክ ማዞሪያም በዚህ ዓይነት ቀዳዳ ይሠራ ነበር።

መፈተኛው ቀላል ነው። ኤርፎን ይሰኩ። ከተሰማ ቺፑም ድራይቨሩም (ቺፑን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ጤነኛ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቀድመው የሚጠረጠሩት ቀዳዳውና ስፒከሩ ናቸው። ኤርፎኑን ነቅለውም ኮምፒውተሩ "ሄድፎን ተሰክቷል" የሚል ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። ሊኑክስ የጫነ ሰው ደግሞ አልሳሚክሰር በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ "አውቶ ሚውት" የሚለውን አጥፍቶ ይሞክር፤ ስፒከሩ ከተናገረ ነገሩ አለቀ።

ሕክምናው ላፕቶፑን ማጥፋት፣ ባትሪውን መንቀል (የድሮዎቹ በጣት የሚወጣ ባትሪ ስላላቸው ይመስገኑ)፣ ከዚያ መሰኪያውን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት፣ አቧራውንም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። በመርፌ መጎርጎር ምላሱን ሊሰብር ይችላል። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ማስገባት ነውና ይቅር።

ሌላው የሚያናድደኝ "ፎርማት ይደረግ" የሚባለው የሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወዳጄ ላፕቶፑ ድምፅ ሲያጣ ፎርማት ተደረገለት፤ የደንበኞቹ ሰርግ ጠፋ፣ ድምፁም አልመጣም። ቀዳዳው ውስጥ የተሰበረ የኤርፎን ጫፍ ቀርቶ ኖሯል፤ ማሽኑ ተፈትቶ ጫፉ ሲወጣ ስፒከሩ ጮኸ። ጭራሽ ጤነኛ ድምፅ በፎርማት የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ አዲሱ ዊንዶውስ ለአሮጌ ቺፕ የሚሆን ድራይቨር ላይኖረው ይችላልና። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቀን ከላፕቶፑ ሠሪ ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም ፈልገው፣ ድራይቨሩን በፍላሽ ያስቀምጡ።

ጠጋኙ ፎርማት ላድርገው ካለዎት፣ በቅድሚያ በባትሪ መብራት ቀዳዳውን እንዲያይልዎ ይጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ጠጋኝ ይፈልጉ።