የጓሮ ወይን ሒሳብ፦ ዘጠኝ ጠርሙስ ወይስ አንድ ክፍል?

ለቡ መብራት ኃይል ግቢው ውስጥ ትርፍ ክፍል ያለው ሰው በየወሩ ኪራይ ይሰበስባል። የወይን ሐረግ ያለውስ ምን ያገኛል? ይህ ጥያቄ እኛ ቤት ቀልድ አይደለም። የወይኑ ዳስ የያዘው ቦታ አንድ ሰርቪስ ክፍል ያህላል። እናቴ «ይነሳና ክፍል ይሠራበት» ትላለች፣ አባቴ ደግሞ «እኔ ሳልሞት አይነካም» ይላል። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ሒሳቡ ለእኔ ተሰጠ።

ይኸውላችሁ። ባለፈው የለቀምነው 12 ኪሎ ነበር። ቤት ውስጥ ከ10 ኪሎ ወይን ከ6 እስከ 7 ሊትር ይወጣል። የእኛ 7 ሊትር ገደማ ሆነና ባለ 750 ሚሊ ሊትር ዘጠኝ ጠርሙስ ሞላ። በብር ብቻ ካያችሁት ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ዘጠኝ ጠርሙስ ከዓመት ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ዩኒቨርሲቲ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» እያሉ ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

ግን 12 ኪሎ የሐረጉ አቅም ነው ወይ? ብዙ ጓሮ ውስጥ ወይን የሚያዘው ለጥላ እንጂ ለፍሬ አይደለም። ወይን የሚያፈራው አምና በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ በሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ነው። ካልተከረከመ ጉልበቱን ቅጠል ላይ ይጨርሰዋል። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ሐረጉን በየዓመቱ ያስተኛዋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ እንቅልፍ ስለሌለ «አሁን ጀምር» የሚለው መቀሱ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጉዳይ የቀን መቁጠሪያው ነው። ከክርከማ እስከ ለቀማ እንደ ዝርያውና እንደ ቅዝቃዜው ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ የተከረከመ ሐረግ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ይደርሳል። ዘግይቶ የተከረከመው ግን ሰኔ ያገኘዋል። በዝናብ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል፣ ስኳሩም ይቀጥናል። የፈረንሳዩ ካስቴል ወይኑን የተከለው እዚህ አዲስ አበባ ሳይሆን ሞቅ ባለው በዝዋይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ያቀረበውም ከዚያ ነው።

ለቀማ ላይ ደግሞ መቸኮል አያዋጣም። ወይን እንደ ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ገደማ ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሆናል። 12 በመቶ ለማግኘት በሊትር 200 ግራም ያህል ስኳር ያስፈልጋል። መለኪያ የሌለው ሰው ፍሬውን ይቅመስ፣ የዘሩንም ቀለም ይይ። ዘሩ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ከሆነ ደርሷል።

ጥንስሱ ከጠጅ ይቀላል። ጌሾ የለው፣ ማር የለው፤ እርሾው እንኳን ብዙ ጊዜ ልጣጩ ላይ አለ። ፍሬውን ከዘለላው አራግፎ መጨፍለቅ፣ በንጹሕ የምግብ ፕላስቲክ ወይም በእንስራ በጨርቅ ሸፍኖ ማስቀመጥ፣ በቀን ሁለቴ ልጣጩን ወደ ታች መጫን ነው። ከሳምንት ገደማ በኋላ ተጨምቆ አተላው እስኪዘቅጥ ይቀመጣል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ እየተብላላ ያለውን ጠርሙስ ከድናችሁ አታጥብቁ። ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ ወረቀት ላይ ሳሰላው ያስተዋልኩት ነገር አለ። እናትና አባቴ የሚጣሉት በመሬት ነው፤ ወይን ግን ብዙ መሬት አይፈልግም። ለሥሩ ጥግ ላይ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚፈልገው ፀሐይና የሚይዘው ሽቦ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሥሩ ካለበት አይነካ፤ ክፍሉ አጠገቡ ይሠራ፤ ሐረጉ ከቆርቆሮው አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በሽቦ ይዘርጋ። ግንበኞቹ ሥሩን ቢያበላሹትስ? ከአሁኑ ከክርክሙ ላይ ጥቂት ቁራጮች በላስቲክ ይተከላሉ። ወይን በቁራጭ በቀላሉ ይይዛል፤ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ያፈራል።

አባቴ በሐሳቡ ተስማምቷል። እናቴ የሽቦው ወጪ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ጠይቃለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ይውጣ ብያለሁ። እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ ሐረግ ካለ፣ ለመቁረጥ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ጥቅምት ላይ አንዴ መቀስ ሞክሩበት።