ሥራ እያለ ሥራ አጥነት፦ የጉልበት ሥራን እምቢ ማለት ስንፍና ነውን?

ስለ ወጣቶች ሥራ አጥነት በሚደረግ ውይይት ሁሉ «ሥራ ጠፍቶ ሳይሆን ሠራተኛ ጠፍቶ ነው» የሚል ቃል መሰማቱ አይቀርም። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ድንጋይ የሚሸከም፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ጭነት የሚያወርድ ሰው ይፈለጋል፤ በአንጻሩም ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት በወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ይታያል። ይህን አይቶ ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰነፍ የተባለ ሰው ከእርዳታ መዝገብ ይፋቃል፤ ከምክርም ይርቃል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ከመፍረዳቸው አስቀድሞ ምክንያቱን ይመረምሩ ዘንድ ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

የመጀመሪያው ምክንያት ሒሳብ ነው

የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ለሠራበት ቀን ብቻ ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በወሩ ሙሉ ይቈጠራል። በወለጋ ክረምቱ ረዥም ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ግንባታ ይቀዛቀዛል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ሥራው ለጥቂት ወራት ይሞቃል፤ ከዚያም ይበርዳል። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው አብዝቶ መብላት አለበት፤ ልብሱና ጫማው ቶሎ ያልቃል፤ ሲታመም ወይም ሲጎዳ ክፍያው ይቋረጣል፤ የሕክምናው ወጪም በራሱ ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ራስን ችሎ ለመኖር የማይበቃ ከሆነ፣ ከቤተሰብ ጋር ሆኖ የተሻለ ሥራ መፈለግ የስሌት እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሸክም የደከመ ሰው ማስታወቂያ ለማንበብና ማመልከቻ ለማስገባት ጊዜም ጉልበትም አይተርፈውም።

ይህ በወለጋ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ገልጿል። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በዚህ ገንዘብ ኪራይና ምግብ መሸፈን ተቸግረው ብዙዎቹ ሥራውን ጥለው ሄደዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጁ ራሱ ያስቀመጠው የደመወዝ ወለል የለም።

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ተከታትለዋል። ከፊሎቹ ሥራውን አገኙ፤ ከፊሎቹ 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀቁ። ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች እምብዛም አልተሻለም፤ የጤና እክል ግን ጨመረባቸው። መነሻ ገንዘብ ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል አደገ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፦ ሥራውን የሚለቁ ሰዎች ከልምድ አውቀው ይለቃሉ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብም ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው

የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ወጣቶች መካከል ቆይቶ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትሟል። የተማሩት ወጣቶች በከተማቸው የሚገኘውን የጉልበት ሥራ የሚሸሹት ከድካሙ ይልቅ የሰውን ዐይን ፈርተው ነበር፤ ወደ ውጭ አገር ቢሄዱ ግን ማናቸውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነበሩ። በወለጋም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወላጅ ቡናውንና በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተማረው ከሸክም እንዲያርፍ ብሎ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ይህ ተስፋ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ዲግሪ የያዘ ልጅ በሰፈሩ ባሬላ ተሸክሞ ሲታይ የሚያፍረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡም ድካም ከንቱ የቀረ ይመስላል።

ለእጅ ሥራ ያለን ንቀት ሥሩ የቆየ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስለዚህ ወጣቱን «ሥራ አትናቅ» ከማለታችን በፊት፣ ሠራተኛውን የናቅነው እኛ እንዳንሆን ራሳችንን እንመርምር።

መጠበቅ የማይችሉ ወገኖች

እምቢ ማለት የሚችለው የሚያስጠጋው ያለው ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ከካማሺ ዞን ተፈናቅለው ነቀምቴና አካባቢዋ የደረሱ ወገኖች ይህ ምርጫ አልነበራቸውም፤ እርሻውንና ቤቱን ያጣ ሰው በተገኘው ዋጋ ይሠራል። እንግዲህ አንዱ ተቀበለ ማለት ክፍያው በቂ ነው ማለት አይደለም። የተቸገረውን አስረጂ አድርገን ሌላውን ብንወቅስ ሁለቱንም እንበድላለን።

ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ሥራ እምቢ ያለውን ሰው ከመዝገብ ከመፋቅ በፊት እንጠይቀው፦ ክፍያው ስንት ነበር? በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክት የገሠጸው መሥራት የማይወዱትን እንጂ ሥራ ያጡትን አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት በገበያ የቆሙት ሠራተኞችም ሥራ ፈትተው የዋሉት የሚቀጥራቸው በማጣት ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰበካ ጉባኤ ራሱ አሠሪ መሆኑን አንርሳ። ዘበኛ ይቀጥራል፤ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ ግንበኛና የቀን ሠራተኛ ያሰማራል። በጉልበት አስተዋጽኦ የሚደረግ አገልግሎትና በክፍያ የሚሠራ ሥራ ይለይ፤ ክፍያው በቀኑ ይፈጸም፤ በሥራው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ማሳከሚያ በበጀት ይያዝ። የሠራተኛውን ደመወዝ ማስቀረት በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 በጽኑ የተወገዘ በደል ነው።

ሦስተኛ፣ የቀን ሥራ መውጫ ያለው እንዲሆን እንርዳ። ሲሚንቶ የሚያቦካው ወጣት ከግንበኛው ጎን ቆሞ ሙያ ቢማር ሸክሙ ወደ ሙያ የሚያደርስ መንገድ ይሆንለታል። መነሻ ገንዘብ ስንሰጥም ክትትልና የቁጠባ ልማድ አብረው ይሂዱ።

አራተኛ፣ ክብርን በተግባር እናሳይ። ቅዱስ ዮሴፍ ጠራቢ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበሩ እናስተምራለን። የቀን ሠራተኛው በሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲጠቆምና ሐሳቡ ሲደመጥ ግን ትምህርታችን ይታመናል። ወጣቱም የሰውን ዐይን ሳይፈራ፣ የሚያኖር ክፍያ ያለውን ሥራ ለመያዝ ይደፍራል።