የአውራ ጣት አንጓ የማያክል አምባዛ

አምባዛ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን የጣናው ወይም የአዋሹ ጢማም ዓሣ ነው፤ ሲያድግ ከ1 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የጢማሞቹ ወገን ግን በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ጥቂቶቹ አድገው ጨርሰው 3 ሳንቲሜትር ቢሞሉ ነው። ለቤት አኳሪየም የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ብቻ ትንሽነታቸው ሰውን ያዘናጋል።

ለጀማሪ የምመክረው ኮሪዶራስ ፒግሜየስን ነው። አገሩ በብራዚል የማዴይራ ወንዝ ተፋሰስ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ከአፉ ተነስቶ ጎኑን ይዞ እስከ ጅራቱ የሚዘልቅ ጥቁር መስመር አለው። ዘመዶቹ ቀኑን ሙሉ ወለል ሲጭሩ እሱ በመንጋ ሆኖ ከውሃው መሃል መንሳፈፍ ይወዳል። ሱቆች ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ያምታቱታል፦ ጅራቱ ሥር ጎላ ያለ ጥቁር ነጥብ ካለ ሃስታተስ ነው፤ ጎኑ ዝንጉርጉር ሆኖ ከወለል የማይርቀው ደግሞ የቬንዙዌላና የኮሎምቢያው ሃብሮሰስ ነው።

ነጋዴው ካልታዘዘ እንዲህ ያለውን ዓሣ ብዙም አያመጣም። ከወንዝ የተጠመደ ከሆነም መንገድ ላይ ጾሙን ሰንብቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ሆዱን ከጎን ተመልከቱት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጢሙ ተበልቶ ካጠረ ተዉት። ባለሱቁን ፊታችሁ እንዲመግበው ጠይቁት። ሲያወጣውም በመረብ ሳይሆን በኩባያ ይሁን፤ ከጀርባና ከደረት ክንፎቹ ፊት ያለው እሾህ መረብ ውስጥ ይተበተባል። ይኸው እሾህ ከትልልቅ ዓሦች ጋር እንዳይቀመጥም ያስገድዳል። ሊውጠው የሞከረው ዓሣ ጉሮሮ ላይ እሾሁን ዘርግቶ ይሰነቀራል፤ ብዙ ጊዜ ዋጩም ተዋጩም አይተርፉም።

ብዙዎቹን የሚገድላቸው ግን «ለትንሽ ዓሣ ትንሽ ዕቃ ይበቃል» የሚለው ሐሳብ ነው። በ5 ሊትር ውሃ ውስጥ የተረሳች አንዲት ቁንጥር ምግብ በስብሳ የምታወጣው አሞኒያ ሁሉንም ሊፈጅ ይችላል። 40 ሊትር ውስጥ ያው ቁንጥር ይሳሳል፤ እናንተም ለማረም ጊዜ ታገኛላችሁ። በ40 ሊትር 8 ወይም 10 ዓሣ አኑሩ፤ ብቻውን የቀረ ተደብቆ ይከሳል። ከመግባታቸው በፊት ማጣሪያው ትንሽ ምግብ እየተጣለበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሥራ፤ አሞኒያን የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዚህ ጊዜ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ሳይወገድ አይጨመርም። ወለሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ አሸዋ ይሁን፤ ሻካራ ጠጠር ጢማቸውን ይጎዳል።

አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ምግቡ ተፈጭቶ ይሰጥ፤ አርቴሚያ የምትባለው ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ አዲስ ተፈልፍላ ካገኛችሁማ ድግስ ነው። አልፎ አልፎ አንዱ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ጎርሶ ቢመለስ አትደንግጡ፤ በአንጀታቸውም ይተነፍሳሉ። መንጋው ሁሉ ደጋግሞ ከወጣ ግን ውሃው ኦክስጅን አንሶታል። የጠገበና የተመቸው መንጋ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሲቀየርለት ዝናብ የመጣ ይመስለዋል፤ ሴቲቱም እንቁላሎቿን በሆዷ ክንፎች መካከል ይዛ ቅጠልና መስታወት ላይ ትለጥፋለች።

ከዚህም ብርቅ የሆነ ለሚፈልግ ሃራ ጄርዶኒ አለ፤ የሰሜን ምሥራቅ ሕንድና የባንግላዴሽ ዓሣ ነው። የደረት እሾሆቹ ከሰውነቱ ጋር ሲታዩ ከመጠን በላይ ረጃጅም ናቸው፤ ቀለሙም የበሰበሰ ቅጠል ነው። ለሰዓታት ሳይነቃነቅ ስለሚቀመጥ ሞቷል ተብሎ ሊጣል ይችላል፤ ከመጣላችሁ በፊት የስንጥቡን ክዳን ተመልከቱ። ምግቡን መብራት ከጠፋ በኋላ ጣሉለት፤ ፈጣን ጎረቤት ካለው ምንም አይደርሰውም። ከፒግሜየስ ጋር አብሮ የሚኖረውም ውሃው ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ከተጠበቀ ነው፤ ከዚያ በላይ ይሞቅበታል።