የመጀመሪያ የተራራ ጫማችንን እንዴት እንምረጥ?



ባለፈው ለዚያራ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄደን በር ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ ወሬያችን ሁሉ ለዕረፍት ስላሰብነው የስሜን ተራሮች ጉዞ ነበር። አንድ ወንድማችን የጥበቃውን ከስክስ አየና «ይህን ጫማ ካገኘሁ ራስ ዳሸን ምን ያቅተኛል?» አለ። ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነበር። የተማሪ ኪስ ጫማ ሁለት ጊዜ አይገዛም። የተሳሳተ ጫማ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ እግርን ያስከፍላል። ከመካከላችን አንዱ ቀደም ባለ ጉዞ ልክክ ያለ ጫማ አድርጎ ሄዶ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጥፍር ጠቁሮ ወድቋል።

የትኛው ዓይነት?

«የተራራ ጫማ» በሚለው ስም የሚሸጠው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሶሉ ጨርሶ የማይታጠፈው ጫማ የተሠራው ከሥሩ የብረት ጥርስ ታስሮበት በበረዶ ግግር ላይ ለመውጣት ነው። በአገራችን ተራሮች የበረዶ ግግር የለም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸንም በእግር ተሄዶ ይወጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ጣት ላይ የሚታጠፍ፣ መሐሉ ላይ ግን ጠንከር ያለ የእግር ጉዞ ጫማ ነው። ከስክስ ጠንካራ ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከባድ ነው፣ ከራሰም ቶሎ አይደርቅም። ስኒከር ቀላል ቢሆንም ድንጋይና ጭቃ ላይ ያንሸራትታል።

ሶሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጥርሱ ጥልቅ መሆን አለበት። የዚህ ሶል ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው። በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስድስት ጣልያናውያን ተራራ ወጪዎች በአልፕስ ተራሮች ላይ ሞቱ። ጓደኛቸው ቪታሌ ብራማኒ ጫማቸው ለዚያ ብርድና መሬት እንዳልተስማማ ተረዳና፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል አወጣ። ቪብራም የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ስም ነው።

ሱቅ ስንገባ

• ከሰዓት በኋላ እንሂድ። እግር ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት የተስማማን ጫማ ማታ ሊጠብብ ይችላል።
• ለጉዞ የምናደርገውን ወፍራም ካልሲ ይዘን እንለካ።
• ክሩን ሳናስር እግራችንን ወደፊት እስኪነካ እንግፋ፤ ከተረከዛችን ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት።
• አስረን ደረጃ እንውረድ። ጣታችን ፊቱን ከነካ ቁጥሩ አንሷል። ስንወጣ ተረከዛችን ከተነሳ እግራችን ውሃ ይቋጥራል።
• እህቶች፣ የወንድ ጫማ ብዙ ጊዜ ተረከዙ ላይ ይሰፋል፤ «በካልሲ ይሞላል» የሚለውን የሻጭ ቃል አትመኑ።

ሳልባጅ ከሆነ

ሳልባጅ መግዛት ነውር የለውም፤ ብዙዎቻችን የምንችለውም እሱን ነው። ነገር ግን በሶሉና በቆዳው መካከል ያለው ስፖንጅ መሰል ንጣፍ ሳይደረግ ቢቀመጥ እንኳ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ከላይ አዲስ የሚመስል ጫማ ተራራ መሐል ሶሉ ሊገነጠል ይችላል። ጫማውን አጥፉት፣ ንጣፉን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ተዉት። ማስቲሽ አያድነውም።

ጫማውና ውዱእ

ስሜን ላይ ሌሊቱ ውሃ እስኪረጋ ሊበርድ ይችላል። በዚያ ብርድ የዲናችንን ማግራራት በደንብ እንረዳለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) ኹፋቸውን ሊያወልቁላቸው ሲያጎነብሱ፣ በጦሃራ እንዳጠለቁት ነግረዋቸው በላዩ ላይ አብሰዋል። ስለዚህ እግራችንን ታጥበን በውዱእ ላይ ሆነን ያጠለቅነው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ንጹሕ ጫማ ከሆነ የላዩን በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃናል። ይህም ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ እንግዛ ያልነው ስለዚህም ጭምር ነው። ሱብሒ ላይ ውዱእ አድርገን ካጠለቅነው ዙህርና ዐስርን ሳናወልቅ እንደርሳለን። ማታ ድንኳን ውስጥ ካወለቅነው ግን በሚቀጥለው ውዱእ እግራችንን እንታጠባለን። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የአንዳንድ ጫማ ገበር ከአሳማ ቆዳ ይሠራል። ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከሌለም ሻጩን ጠይቁ።

ከመነሳታችን በፊት

አዲስ ጫማ አድርጎ ደባርቅ መውረድ ስህተት ነው። ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ግቢ ውስጥ እንሂድበት፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜ እንጦጦን እንውጣበት። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቀር የሱፍ ይሻላል። ቁልቁለት ስንጀምር ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርገን እንሰር። ጫማው ከራሰ እሳት ዳር አናድርቀው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

ከመካከላችን መግዛት የማይችል ካለ አያፍር፣ ከጉዞውም አይቅር። ባለፈው የሄዱት ጫማቸው ተቀምጧል፤ ቁጥራችሁን ለጀማዓው ንገሩን፣ ተዋውሰን እንሄዳለን ኢንሻአላህ። አላህ በሰላም ወጥተው በሰላም ከሚመለሱት ያድርገን። አሚን።