የጠፋ ሽማግሌን በራዲዮ ምልክት ስለ መፈለግ

በእርጅና ዘመን አእምሮን አድክሞ የገዛ ቤትንና የልጅን ስም እስከ ማስረሳት የሚያደርስ ደዌ አለ፤ ሐኪሞችም ዲሜንሺያ ይሉታል። ይህ ደዌ ያደረበት ሰው በር ክፍት ባገኘ ጊዜ ወጥቶ ይሄዳል፤ ስሙን እየጠሩ ቢፈልጉትም ቅርብ ሆኖ ሳለ የማይመልስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብርድ ወይም ገደል ሳይቀድም ሊደርሱለት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ በቨርጂንያ፤ ቼሳፒክ በምትባል ከተማ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ዓመት ፕሮጀክት ላይፍሴቨር የሚባል ሥራ ተጀመረ። በታማሚው እጅ ወይም ቁርጭምጭሚት እንደ አምባር ሆኖ ትንሽ የራዲዮ መላኪያ ይታሰራል፤ እርሱም ሌት ተቀን ምልክት ይሰድዳል። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የሞገድ ቁጥር ስለሚሰጠው የአንዱ ምልክት ከሌላው አይደባለቅም። ሰው በጠፋ ጊዜ ለዚህ የተማሩ ፖሊሶች አንቴና ይዘው ይወጣሉ፤ አንቴናው ወደ ሰውዬው በዞረ ጊዜ ድምፁ ይጎላል፤ ወደ ሌላ ሲዞር ይደክማል፤ እነርሱም የጎላውን እየተከተሉ ይደርሱበታል። በምድር ላይ አንድ ማይል ያህል፤ በሄሊኮፕተር ሆነው ሲፈልጉ ግን ከዚያ አብልጦ ይሰማል።

በአባት እጅ እንዲህ ያለ ነገር ማሰር ነውር ነው የሚሉ አይጠፉም። እኔ ግን በር ቆልፎ ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል እላለሁ፤ ብቻ አእምሮው ጨርሶ ሳይደክም ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል።

የቤተሰቡም ሥራ ቀላል አይደለም፤ መላኪያው መሥራቱን በየቀኑ ይመረምራል፤ ሰውዬው እንደ ታጣም ወዲያው ለፖሊስ ያስታውቃል። «ጥቂት እንቆይ፤ ይመለስ ይሆናል» እያለ የሚዘገይ ቤተሰብ ግን ታማሚው ምልክቱ ከሚሰማበት ስፍራ ርቆ እስኪሄድ ድረስ ይጠብቃል።