የፈረስ እሽቅድምድም፦ የመነሻ በር ቁጥር ለተወራራጆች ምን ይነግራል?

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በምትገኘው ፎልስ ቸርች የሚኖር ሰው የፈረስ እሽቅድምድም ማየት ቢሻ ምርጫ አያጣም። በሜሪላንድ ሎረል ፓርክ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ቻርልስ ታውን፣ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ኮሎኒያል ዳውንስ በመኪና ደርሶ በዕለቱ ለመመለስ የሚያስችል ርቀት ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ሜዳዎች ገንዘቡን የሚያስይዝ ተወራራጅ የፈረሱን፣ የጋላቢውንና የአሠልጣኙን ታሪክ ካነበበ በኋላ አንድ ቁጥር ይመለከታል፤ ፈረሱ የሚነሣበትን በር ቁጥር።

ቁጥሩ የሚደለደለው በዕጣ ነው። ሆኖም የዕጣው ውጤት በውድድሩ ላይ ተጽዕኖ አለው።

ከውስጥ ወይስ ከውጭ?

በአሜሪካ ፈረሶች የሚሮጡት ወደ ግራ እየታጠፉ ሲሆን፣ 1 ቁጥር ለውስጠኛው አጥር የቀረበው በር ነው። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ የሚከታተል ሰው እንደሚያውቀው፣ መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ሯጭ ተጨማሪ ርቀት ይሸፍናል። በፈረስ እሽቅድምድምም እንዲሁ ነው።

ይሁንና የውስጠኛው በር የራሱ አደጋ አለው። ከዚያ የተነሣ ፈረስ ፈጥኖ ካልወጣ ሌሎቹ ወደ አጥሩ ሲጠጉ መንገድ ይዘጋበታል። ስለዚህ ፈጣን አነሣስ ላለው ፈረስ የሚጠቅም በር፣ ከኋላ ሆኖ መሮጥ ለሚወድ ፈረስ ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

የሜዳው ቅርጽም ወሳኝ ነው። የቻርልስ ታውን አንድ ዙር 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የኮሎኒያል ዳውንስ የአፈር መሮጫ ግን 2 ሺህ ሜትር ያህል ይረዝማል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ለመነሻው በቀረበ ቁጥር ከውጭ የሚነሡት ፈረሶች ወደ ውስጥ ለመግባት የሚኖራቸው ጊዜ ያጥራል። በእንግሊዝ፣ ጠባብ ዙር ባለው የቼስተር ሜዳ፣ በአጭር ርቀት ውድድሮች የውስጠኞቹ በሮች ተፈላጊ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

የኬንታኪ ደርቢ ትምህርት

እስከ 20 ፈረሶች በሚሳተፉበት በታዋቂው ኬንታኪ ደርቢ የመነሻ በር ጥቅም ላይ መዋል ከጀመረበት እ.አ.አ. ከ1930 እስከ 2025 ድረስ ከ17 ቁጥር ተነሥቶ ያሸነፈ ፈረስ የለም። ከ1 ቁጥር ተነሥቶ ያሸነፈው የመጨረሻው ፈረስ ደግሞ እ.አ.አ. በ1986 ፈርዲናንድ ነበር።

ታዲያ 17 ቁጥር የተረገመ ነውን? ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በብዙ ዓመታት የተወዳዳሪዎቹ ብዛት 17 አልደረሰም፤ ከ20 በሮች አንዱ በአጋጣሚ አሸናፊ ቢያጣም ብዙ አያስገርምም። ጎረቤቱ 18 ቁጥር ፈረስ ለድል አብቅቷል። እ.አ.አ. በ2022 ደግሞ ሪች ስትራይክ ጥቂቶች ብቻ ተስፋ ጥለውበት፣ ከመጨረሻው 20 ቁጥር ተነሥቶ አሸነፈ። በእርሱ ላይ 2 ዶላር ያስያዘ ሰው 163 ዶላር ከ60 ሳንቲም ተከፍሎታል።

ሁሉም የሚያውቀው ምሥጢር

በአሜሪካ የፈረስ ውርርድ ገንዘቡ በአንድ ቋት ይሰበሰባል። አወራራጁ ድርሻውን ካነሣ በኋላ ቀሪው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ለምሳሌ ከተሰበሰበ 1 ሺህ ዶላር ውስጥ 200ው ተነሥቶ 800 ቀረ እንበል። በአሸናፊው ፈረስ ላይ የተያዘው 100 ዶላር ከሆነ እያንዳንዱ ዶላር 8 ዶላር ያስገኛል። “በሩ ጥሩ ነው” ብለው ብዙዎች 400 ዶላር ቢያስይዙበት ግን ክፍያው ወደ 2 ዶላር ይወርዳል።

ስለዚህ የበሩ ጥቅም እውነት ቢሆንም፣ ሁሉም ካወቀው ዋጋው አስቀድሞ በክፍያው ውስጥ ተቆጥሯል። ዐዋቂ ተወራራጅ የሚጠይቀው በሩ ጥሩ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ከሚገባው በላይ ገምቶት ወይም ንቆት እንደሆነ ነው።

ይህን የሚመረምር ሰው እንኳ ከእያንዳንዱ ቋት የሚነሣው ድርሻ አይቀርለትም። በዚህም የተነሣ አብዛኞቹ ተወራራጆች በጊዜ ሂደት ከሚያገኙት የሚያጡት ይበልጣል። በአሜሪካ የቁማር ሱስ ያሳሰበው ሰው በነፃ የስልክ መስመር 1-800-426-2537 ደውሎ እርዳታ መጠየቅ ይችላል።