ክዳኑ ሳይከፈት የተያዘ ቃና

እስኪ ከአንድ ምስጢረኛ ሰው እንጀምር። ሃዋርድ አሌክሳንደር ደምብል ይባላል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጊታር አምፕሊፋየር በእጁ እየገጣጠመ የኖረ ሰው ነው። አንድ አምፕ ሠርቶ ሲጨርስ የሰርኪዩቱን ዋና ክፍል በኢፖክሲ ይደፍነው ነበር። ኢፖክሲው ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ከሥሩ የትኛው ሬዚስተር ከየትኛው ካፓሲተር ጋር እንደተበየደ ማየት የፈለገ ሰው፣ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ንብረት መፈልፈል ይኖርበታል።

አዎ፣ መቶ ሺህ ዶላር። ደምብል በ2022 መጀመሪያ ላይ ሲሞት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕይወቱ ሙሉ የሠራቸው አምፖች 300 ያህል ብቻ እንደሆኑ ይገመት ነበር። የጊታሪስቱን አመታት ቁጭ ብሎ አዳምጦ፣ አምፑን በዚያ ሰው እጅ ልክ ነበር የሚያስተካክለው፤ ስለዚህ ሁለት ደምብል አንድ ዓይነት አይደለም። «ኦቨርድራይቭ ስፔሻል» የሚባለውን ሞዴሉን ጊታሪስቶቹ ሮበን ፎርድና ላሪ ካርልተን ተጫውተውበታል። የብሉዝ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን በ1982 የመጀመሪያ አልበሙን የቀረጸው በዘፋኙ በጃክሰን ብራውን ስቱዲዮ ሲሆን፣ እዚያ ባገኘው ደምብል ተማርኮ በኋላ የራሱን አሠራ። በኒው ጀርዚ ደግሞ ኬን ፊሸር የሚባል ሌላ ባለሙያ ነበር፤ «ትሬይንሬክ» የሚላቸውን አምፖቹን በመለያ ቁጥር ፋንታ በሴት ስም ይጠራቸው ነበር። እሱም በ2006 አርፏል። እነዚህን አምፖች ዛሬ የሚያገኛቸው ሰብሳቢ ወይም ሀብታም ነው።

ጉዳዩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። የደምብልን ቃና ለመያዝ ኢፖክሲውን መንካት አያስፈልግም። አምፑን የሚያውስ ሰው፣ ኮምፒውተርና ጥቂት ደቂቃ ይበቃሉ።

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በራሱ ድምፅና በራሱ ለዛ መልሶ ይሰጠዋል። አምፕም ከጊታሩ የተቀበለውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ በራሱ ቃና ይመልሳል። አሁን ጥግ ይዞ የተቀመጠ፣ የሚወረወረውንም የሚመለሰውንም አንድ ሳይቀር የሚያዳምጥ ሰው አስቡ። ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ገና ያልተወረወረ ስንኝ ቢመጣ አዝማሪው እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው መገመት ይጀምራል። የአዝማሪውን ጉሮሮ መመርመር አላስፈለገውም። የዘመኑ ቃና መያዣ መሣሪያዎችም (ባለሙያዎቹ ሥራውን «ካፕቸር» ይሉታል) የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቀላል ይመስላል አይደል? አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ስታውቁ አምፑን ራሱን ትወዱታላችሁ።

ስፒከሩና ማይኩ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨዋዎቹ ናቸው። በመደበኛ ድምፅ የሰጣችኋቸውን እጥፍ ብታደርጉት የሚመልሱትም እጥፍ ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አይጨምሩም። ስለዚህ ከዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ እስከ ከፍተኛው የሚወጣ አንድ ተንሸራታች ድምፅ አጫውታችሁ ብትቀዱ፣ ስለ ስፒከሩ ሳጥን፣ ስለ ማይኩና ስለ ክፍሉ ማወቅ የሚገባችሁን ማለት ይቻላል ሁሉንም አገኛችሁ። ውጤቱ «ኢምፐልስ ሪስፖንስ» ይባላል፤ ከአንድ ሰከንድ ያጠረች ትንሽ የድምፅ ፋይል ናት።

ባለ ቱቦው አምፕ ግን ጨዋ አይደለም። ቱቦ የምለው በድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ እንደ ትንሽ አምፖል ቀልተው የሚታዩትን የብርጭቆ ቱቦዎች ነው፤ ሌላው ዓለም ወደ ትራንዚስተር ከሄደ ዘመን ቢያልፍም ጊታሪስቱ እስከ ዛሬ አልተዋቸውም። ክሩን ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ድምፁ ጠርቶ ያልፋል። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ቱቦው አቅሙ ያልቅና የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ያኔ ማንም ያላስገባው ድምፅ መውጣት ይጀምራል። 110 ሄርዝ የሆነ አንድ ንጹህ ድምፅ አስገቡ፤ 220፣ 330፣ 440 ጨምሮ ይሰጣችኋል። ዲስቶርሽን የምንለው ይህን ነው።

ሁለት ኖታ በአንድ ላይ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጊታሩ አምስተኛ ክር ባዶውን 110 ሄርዝ ነው። ከሱ ጋር 165 አካባቢ ያለውን አምስተኛ ኖታውን ብትመቱ፣ አምፑ የሁለቱን ድምርና ልዩነት ፈጥሮ ይጨምራል፤ 275 እና 55። 55 ማለት ከመታችሁት ክር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ባስ ነው። ማንም አልመታውም፤ ግን ደረታችሁ ላይ ይሰማችኋል። በአምስተኛው ፋንታ 138.6 ያለውን ሦስተኛ ኖታ ብትጨምሩ ልዩነቱ 28.6 ይመጣል፤ ይህ ከየትኛውም የጊታር ኖታ ጋር የማይገጥም፣ በሁለት ኖታዎች መሃል የተንጠለጠለ ቁጥር ነው፤ ድምፁን ያደፈርሰዋል። የሮክ ጊታሪስቶች በከባድ ዲስቶርሽን ሲጫወቱ ሦስተኛውን ትተው «ፓወር ኮርድ» የሚመቱት አላዋቂ ሆነው ሳይሆን አምፑ ስለሚያስገድዳቸው ነው። (ይህን ሳውቅ ስንት ዘመን የናቅሁትን ሙዚቃ ይቅርታ መጠየቅ አሰኝቶኛል።)

እንግዲህ አድማጩ ጥግ ይዞ የሚሰማው ስንኝ ብዙ ዓይነት መሆን አለበት፦ ቀስ ያለ፣ የጮኸ፣ ነጠላ ኖታ፣ ኮርድ፣ ተንሸራታች ድምፅ፣ ሹክሹክታ የመሰለ ኖይዝ። ቀስታውን ብቻ ከሰማ ቁጣውን አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በዚህ መንገድ አልሄዱም። ላይን ሲክስ የሚባለው ኩባንያ በ1998 «ፖድ» የምትባለውን ቀይ፣ ኩላሊት የመሰለች ሳጥን ሲያወጣ፣ ፍራክታል ኦዲዮም በ2006 «አክስ-ኤፍኤክስ»ን ሲያመጣ፣ ዘዴው የአምፑን ሰርኪዩት አጥንቶ የክፍሎቹን ጠባይ በሒሳብ መጻፍ ነበር። ይህ መንገድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ግን ሥዕላዊ ንድፉን ይፈልጋል፤ ደምብልም ኢፖክሲ ያፈሰሰው ይህ እንዳይሆን ነው። (አንዳንዶች ጨክነው ፈልፍለውታል፤ ንድፉም ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ምስጢር መቼ ይጠበቃል!)

መንገዱን የቀየረው ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ኬምፐር ነው። ቀድሞ «ቫይረስ» በሚባለው ሲንተሳይዘሩ ይታወቅ ነበር። በ2011 ያስተዋወቀው «ፕሮፋይለር» አምፑ ውስጥ እንግዳ ጩኸትና ፉጨት ይልካል፣ በማይክ የሚመለሰውን ይሰማል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱ አምፑን ይመስላል። ብዙ ሙዚቀኛ ከባዱን አምፕ ቤቱ ትቶ ይህን ይዞ መዞር ጀመረ።

ቀጥሎ ኒውራል ኔትወርክ መጣ፤ ታሪኩም ያስቃል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ዲፕማይንድ በ2016 «ዌቭኔት» የሚባል መዋቅር ያወጣው ኮምፒውተር እንደ ሰው እንዲናገር ነበር። ፊንላንድ ውስጥ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ መዋቅር ወስደው የጊታር አምፕ አስተማሩት፤ ሠራ። ከዚያችው አገር ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ ኒውራል ዲ.ኤስ.ፒ. የሚባል ኩባንያ «ኳድ ኮርቴክስ» የሚባለውን መሣሪያ አወጣ፤ የጣሊያኑ አይኬ መልቲሚዲያ በ2022 «ቶንኤክስ»ን አስከተለ። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ስቲቨን አትኪንሰን የሠራው «ኒውራል አምፕ ሞዴለር» ነው። ነጻ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል።

እንዴት ይማራል? ወደ 3 ደቂቃ የሚጠጋ የተዘጋጀ የድምፅ ፋይል አለ። በሳውንድ ካርዱ በኩል ወደ አምፑ ይላካል፤ አምፑ የመለሰው ይቀዳል። በሰከንድ 48,000 ነጥብ ሲቀዳ 3 ደቂቃው ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሆናል፤ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ጥያቄና መልስ። ኔትወርኩ ሲጀምር ምንም አያውቅም፤ በውስጡ ያሉት ከአስር ሺህ የሚበልጡ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተሞሉ ናቸው። ጥያቄውን ወስዶ ይገምታል፣ ግምቱ ከእውነተኛው መልስ ጋር ይነጻጸራል፣ ስህተቱን የሚቀንስ መስሎ በታየበት አቅጣጫ ቁጥሮቹ ጥቂት ይነካካሉ። ይህ ደግሞ ደጋግሞ ይካሄዳል። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ቡና እስኪፈላ ይደርሳል። የሚወጣው ፋይል ከአንድ ፎቶ ያንሳል።

አሁን ወደ ተግባሩ። አምፑን አብርታችሁ ቱቦዎቹ እስኪሞቁ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ከሳውንድ ካርድ የሚወጣው ሲግናል ከጊታር ከሚወጣው የበረታ ስለሆነ በቀጥታ አትሰኩት፤ «ሪአምፕ ቦክስ» የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷ ልኩን ታወርደዋለች። ማይክ የምትጠቀሙ ከሆነ (ሹር ኤስ.ኤም. 57 ከ1965 ጀምሮ ይህን ሥራ እየሠራ ነው) ከስፒከሩ መሃል ወደ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብታንቀሳቅሱት ሌላ አምፕ የያዛችሁ ይመስላችኋል። እኔ አምፑን ለብቻው መያዝ እመርጣለሁ፤ በስፒከሩ ቦታ «ሎድ ቦክስ» ይገባል፣ ጎረቤትም አይረበሽም፣ የስፒከሩ ቃና በኋላ በኢምፐልስ ሪስፖንስ ይጨመራል። ሎድም ስፒከርም ሳይሰካ ባለ ቱቦ አምፕ ማስጮህ ግን የውጤት ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል። ከመሰኪያ ቢነቀልም ውስጡ የሚገድል ቮልቴጅ ሊቀር ስለሚችል ክዳኑን አትክፈቱ። ዘዴው የመጣው ክዳን ላለመክፈት አይደል?

አዲስ አበባ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። የመብራቱ ኃይል የቃናው አካል ነው። የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ማርሻል አምፑ ላይ «ቫሪያክ» የሚባል መቆጣጠሪያ ሰክቶ የግድግዳውን ቮልቴጅ ሆን ብሎ ያወርድ ነበር፤ ያ ታዋቂ ቡናማ ድምፁ ከዚያ ጭምር ነው የሚመጣው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድና መብራቱ ሲደክም፣ ሳታስቡት እናንተም ያንኑ እያደረጋችሁ ነው። ክፋቱ፣ በሦስቱ ደቂቃ መሃል ከተለዋወጠ ኔትወርኩ የሚሰማው አንድ አምፕ አይሆንም። ለፍሪጅ የገዛችሁትን ስታቢላይዘር ተበደሩት።

ካፕቸር የማይዘው ነገርም አለ። አንደኛ፣ የአምፑን ማዞሪያዎች አይዝም። ቮልዩሙ 4፣ ትሬብሉ 6 ላይ ሳለ ከያዛችሁት የምታውቁት ያንን ብቻ ነው፤ ትሬብሉን 8 ብታደርጉት አምፑ ምን ይል እንደነበር ፋይሉ አልሰማም። ሰርኪዩቱን በሒሳብ የጻፉት ሰዎች የሚበልጡት እዚህ ላይ ነው። ኒውራል ዲ.ኤስ.ፒ. ለዚህ የሰጠው መልስ ሮቦት ነው፤ ስሟ ቲና፣ ሥራዋ የአምፑን ማዞሪያዎች ያለመታከት እያዞረች በየቦታው ማስቀዳት። ሰው ቢሠራው ያብዳል።

ሁለተኛ፣ ትዝታው አጭር ነው። የአትኪንሰን ሶፍትዌር በተለመደው ቅንብሩ ወደኋላ የሚያስታውሰው ከሰከንድ አንድ አስረኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ የአምፑ ሪቨርብ፣ የፔዳሉ ኤኮ አይያዝም፤ ከመያዛችሁ በፊት አጥፏቸው። አምፑ በኃይል ሲመታ ቮልቴጁ ወርዶ ቀስ ብሎ የሚያገግምበት፣ ጣት ሥር እንደ መለጠጥ የሚሰማው ነገርም ከዚህ ትዝታ የሚያመልጥ ክፍል አለው። በቅጂ ውስጥ፣ ከድራምና ከባስ ጋር ተቀላቅሎ፣ ካፕቸሩን ከዋናው የሚለይ ጆሮ አለ ቢሉኝ አላምንም። በእጁ ይዞ የሚጫወተው ሰው ግን አንዳንዴ ይለየዋል።

የደምብል ካፕቸር እያሳደዱ መሰብሰቡ ላይ ግን አልስማማም። ያ አምፕ በሮበን ፎርድ ጣት ልክ የተሰፋ ነው፤ ፋይሉ አምፑን እንጂ ጣቱን አያመጣም። ይልቅ በየሙዚቃ ቤቱ፣ በየድሮ ባንድ ዕቃ ቤቱ ገና የሚሠሩ አሮጌ አምፖች ካሉ እነሱን ብትይዙ ይሻላል። ኢቤክስና ሮሃ ባንድ ይጫወቱበት ከነበረው ዘመን የተረፈ አምፕ በማንም ሶፍትዌር ዝርዝር ውስጥ አታገኙትም፤ ካፓሲተሩ ሳይፈነዳ፣ ባለቤቱም ሳይሸጠው ቶሎ ነው።

የያዛችሁት ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ፋይሉን ከፍታችሁ ጊታራችሁን ሰኩ። በሙሉ ድምፅ ተጫወቱ፤ ይሻክራል። ከዚያ ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም ብቻ ወደ ግማሽ አውርዱና ያንኑ ኮርድ ድገሙት። እውነተኛው አምፕ እዚህ ላይ ይጠራል። ፋይሉ ካልጠራ የላካችሁት ሲግናል በርትቶ ነበር ማለት ነው፤ የሪአምፕ ቦክሱን ልክ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ያዙት።